የካሴቱ ምራቂ

ኡበይድ የቢክ እስክሪብቶ በካሴቱ ቀዳዳ ከትቶ ክሩን ቀስ እያለ ወደ መጨረሻው ያጠነጥን ነበር። ማሽኑም ይችል ነበር፤ ግን ያረጀ ክር በማሽን ሲቸኩል ይበጠሳል። ሲደርስ ጥቂት ዙር ወደ ኋላ መለሰና ካሴቱን ቴፑ ውስጥ አስገብቶ ከፈተው። የሠርግ ዘፈን ማብቂያ መጣ፤ እልልታ፤ ከዚያ የባዶ ክር እሽሽታ። አንድ ደቂቃ ጠበቀ፤ ሁለት ደቂቃ ጠበቀ። ክሩ አለቀና ቴፑ ጠቅ ብሎ ቆመ።

"የለም" አለ ለራሱ።

ባለ ካሴቷ ሴትዮ የፈለገችው የእህቷ ሠርግ ወደ ሚሞሪ ካርድ እንዲገለበጥላት ብቻ ነው። ጊዜው 2003 ዓመተ ምሕረት ነበር። ሰው ሁሉ ካሴቱን ከአልጋ ሥርና ከቁም ሣጥን አናት እያወጣ፣ አቧራውን እየጠረገ፣ ወሰን ሰፈር ጋራዦቹ መካከል ወዳለችው የኡበይድ ጠባብ ሱቅ ያመጣ ነበር። ማንም ምንም ቢያመጣ ኡበይድ ሥራውን የሚጀምረው ከካሴቱ መጨረሻ ነው። ለምን እንደሆነ የሚያውቀው ነገሳ ብቻ ነበር።

ነገሳ አጠገቡ ካለው ጋራዥ የተጋጨ መኪና ላሜራ እየቀጠቀጠ ያቃናል። በዚያ ሰዓት ቱታውን እንደለበሰ በሩ ላይ ቆመ።

"አገኘህ ወይስ አላገኘህም?" ብሎ ጮኸ።

"አትጩህ፤ እዚሁ ነኝ።"

"ምን?"

"አትጩህ አልኩህ!"

"አሁን የጮኸው ማን ነው?" አለ ነገሳና በራሱ ቀልድ እየሳቀ ዱካዋን ስቦ ተቀመጠ።

ነገሩ የጀመረው በ1989 ነው። ኡበይድ ያኔ የአሥራ ስምንት ዓመት ልጅ ነበር፤ ኮተቤ በአጎቱ ሙዚቃ ቤት ካሴት ይቀዳ ነበር። ደንበኛው ባዶ ወይም ያረጀ ካሴት ይዞ ይመጣል፣ የሚፈልገውን ያዛል፣ በማግስቱ ይወስዳል። ዘፈኑ ወይም መዝሙሩ ግን ሁልጊዜ ከክሩ ቀድሞ ያልቃል። የተረፈውን ባዶ ክር እንዲሁ መስጠት ደንበኛን ያስከፋል፤ ስለዚህ ቀጂው ያልታዘዘ አንድ ወይም ሁለት ዘፈን ከራሱ ይጨምርበታል። ጎመን ሻጭ ከእስሩ በላይ ጥቂት ቅጠል እንደምትጨምረው ነው። ሙዚቃ ቤቶቹም ቃሉን ከገበያ ወስደው ምራቂ ይሉታል።

በዚያው ዓመት ከኮተቤ ኮሌጅ አስተማሪዎች አንዱ የሆነ ፈረንጅ ወደ አገሩ ሲመለስ አንድ የጫማ ካርቶን ሙሉ ካሴት ለሙዚቃ ቤቱ ትቶ ሄደ። አጎትየው ከፍቶ ትንሽ ሰማና "ይሄስ ማሽን ያበላሻል" ብሎ ለኡበይድ ሰጠው። ኡበይድ ለነገሳ አሰማው፤ ነገሳ ደግሞ ከክፍላቸው ለነበረችው ለፊልሞና። ጊታሩ እንደ ወፍጮ ይጮኻል። ዘፋኙ ዜማ የሚያሰማ ሳይሆን በአጥር ላይ ከጎረቤት ጋር የሚጣላ ይመስላል። ዘፈኑ ሦስት ደቂቃ እንኳ ሳይሞላው ልክ እንደ ጀመረው በድንገት ያልቃል። ሦስቱም እንደዚያ ያለ ነገር ሰምተው አያውቁም ነበር። ፐንክ እንደሚባል ያወቁት ቆይተው ነው፤ ነገሳ ያኔ "ላሜራ ሙዚቃ" አለው። ቡድን ሲመሠርቱም ስሙ ላሜራ ሆነ።

እሑድ እሑድ፣ የነገሳ አባት የሚሠሩበት ጋራዥ ሲዘጋ፣ አባትየው ቁልፉን ይሰጧቸው ነበር። ኡበይድ በተውሶ ጊታር፣ ነገሳ በዘይት በርሜልና በላሜራ ቁራጭ፣ ፊልሞና በባዶ ጉሮሮዋ። በሠርግም በክለብም ተጫውተው አያውቁም። የሰማቸው የጋራዡ ዘበኛ ብቻ ነበር፤ እሱም አንድ ቀን "ጨረሳችሁ?" ብሎ ከመጠየቅ በቀር አስተያየት አልሰጠም። አራት ዘፈን ሠሩ። አራቱንም በአንድ እሑድ ቀዱና ካሴቱን ኋላ ፊልሞና ወሰደችው። ከሁለት ዓመት በኋላ ጌታን ስትቀበል፣ በዚያ ሰሞን እንደ ብዙ ጓደኞቿ ዓለማዊ ካሴቶቿን ሰብስባ አቃጠለች፤ የእነሱም አብሮ ነደደ። ራሷ መጥታ ነገረቻቸው። ማንም አልተቆጣትም። በዚያ ዕድሜ ሰው የሚያስበው "ሌላ ጊዜ እንቀዳለን" ብሎ ነው።

ሌላ ጊዜ አልመጣም። ፊልሞና አስተማሪ ሆነች፤ ነገሳ የአባቱን መዶሻ ወረሰ።

ባለፈው ዓመት ኡበይድ መገናኛ አንድ ኢንተርኔት ቤት ተቀምጦ፣ የሚያደርገው ነገር ሲያጣ፣ ከጫማ ካርቶኑ ካሴቶች በአንዱ ላይ በእጅ የተጻፈውን ስም በፊደል በፊደል ጻፈው። ያ ቡድን በገዛ አገሩም ማንም አያውቀው ኖሯል። ሦስት መቶ ካሴት ብቻ አባዝተው ተበትነዋል። አሁን ግን ሰዎች ከየአገሩ እየጻፉ "ሁለተኛው ዘፈን ያለው አለ?" "እኔ ዘንድ ግማሹ አለ" እየተባባሉ ይፈላለጉታል። ኡበይድ ሰዓቱ እስኪያልቅ ያንን አነበበ። ሲወጣ አንድ የረሳው ነገር ትዝ አለውና አስፋልቱ ዳር ቆመ፤ ፊልሞና ካሴቱን ከመውሰዷ በፊት ሦስት ወር እሱ ዘንድ ነበር። በእነዚያ ሦስት ወራት ደግሞ ለማንም ሳይነግር፣ የሰው ካሴት ጫፍ ላይ የራሳቸውን ዘፈን ምራቂ እያደረገ ቀድቷል።

ስለዚህ ላሜራ አልጠፋም ማለት ነው። ኮተቤና የካ ውስጥ፣ በየሰው ቤት፣ በሌላ ነገር መጨረሻ ላይ ተኝቷል።

በአንድ ዓመት ውስጥ ሦስቱን አገኘ። አንዱን ከአንድ ባለ ሱቅ የመንዙማ ካሴት በስተኋላ፣ አንዱን ከታክሲ ነጂ የእንግሊዝኛ ትምህርት በስተኋላ፣ አንዱን የፊልም ታሪክ ከተቀዳበት ካሴት ላይ። የቀረው "ዳገት" ነው፤ ፊልሞና የጻፈችው። ነገሳም የሚፈልገው እሱን ነበር።

ነገሳ በጥር ሐኪም ዘንድ ሄዶ ነበር። ግራ ጆሮው አልቆለታል። ቀኙም ከጥቂት ጊዜ በኋላ እንደሚከተል፣ መዶሻውን ቢያስቀምጥ እንኳ የሄደው እንደማይመለስ ተነግሮታል። ይህን ለኡበይድ ሲነግረው ስለ ሥራው አላወራም፤ ስለ ዳገት ነው ያወራው። "መጨረሻው ላይ የመታሁትን ታስታውሳለህ? ከዚያ ወዲህ እንደዚያ መትቼ አላውቅም። እሱን አንዴ ልስማና ከፈለገ ይዘጋ።" ኡበይድ አላስታወሰም። ፊልሞናን በስልክ ሲጠይቃት "መጨረሻው ላይ ምን እንደሆነ እኔም ጠፍቶኛል፤ ብቻ በወጉ አላለቀም" አለችው። ይህንን ለነገሳ አልነገረውም።

"እና አሁን ማን ቀረ?" አለ ነገሳ፤ ከዱካዋ ሳይነሳ።

"የማስታውሳቸውን ጨርሻለሁ።"

"እኚያ ጋኔን ያሉት ሴትዮስ?"

ኡበይድ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። ከዓመታት በኋላ ፊታቸው ድቅን አለበት። ወይዘሮ ዘውድነሽ፣ የካ ዳገቱ ላይ የሚኖሩ፣ ስብከት ያስቀዱ ሴት። በማግስቱ ካሴቱን በነጠላቸው ጫፍ ጠቅልለው እንደማይነካ ነገር ይዘውት መጥተው ነበር። "ልጄ፣ ከስብከቱ በኋላ ጋኔን ይጮኻል" አሉት። ላጥፋልዎት ቢላቸው "ጋኔን በማሽን አይወጣም" ብለው ካሴታቸውን ይዘው ተመለሱ። ቤታቸውን ያውቀዋል፤ በሌላ ጊዜ ሬዲዮ ሊሠራላቸው ሄዷል። እስካሁን ያልፈለጋቸው ረስቷቸው ይሁን አፍሮ፣ ለራሱም ግልጽ አልነበረም።

ቅዳሜ ጠዋት ሁለቱ ከታክሲው ወርደው ሽቅብ መውጣት ጀመሩ። የካ ከአስፋልቱ ራቅ ሲሉ ሌላ አገር ነው። የጭቃ ቤቶቹ አንዱ የሌላውን ጣራ ከላይ ያያሉ፤ ከነሱ በላይ ባሕር ዛፍ ብቻ፤ ከባሕር ዛፉ በላይ ደግሞ የእንጦጦ ጀርባ። ፊልሞና ድሮ የምትኖረው በዚሁ ሰፈር ነበር፤ በየቀኑ ከትምህርት ቤት ስትመለስ የምትወጣው ይህንን ነው። ነገሳ ግማሽ መንገድ ላይ ቆሞ ጉልበቱን ያዘ።

"ዘፈኑ የገባኝ ገና ዛሬ ነው" አለ እያለከለከ።

የወይዘሮ ዘውድነሽ ግቢ በር ክፍት ነበር። ኡበይድ ሰላምታውን ከመጀመሩ በፊት ዓይኑ ግቢው ውስጥ በተተከለው ጎመን ላይ አረፈ። ከእንጨት ወደ እንጨት፣ በመደቦቹ ሁሉ ላይ፣ ቡናማ የካሴት ክር ተወጥሯል። ነፋሱ ሲነካው ያብረቀርቃል፤ ቀጭን ድምፅም ያሰማል።

ሴትዮዋ በቆርቆሮ ውሃ እያጠጡ ነበር። ሰባ ዓመት አልፏቸዋል፤ ወገባቸው ግን ቀጥ ያለ ነው።

"እንደምን አደሩ እማማ። ኡበይድ ነኝ፤ ኮተቤ ሙዚቃ ቤት የነበርኩት። ሬዲዮዎንም ሠርቼልዎት ነበር።"

"አወቅሁህ። ሬዲዮው ዛሬም ይንኮሻኮሻል።"

"ድሮ ስብከት ቀድቼልዎት... መጨረሻው ላይ..."

"ጋኔኑ!" አሉ ቆርቆሮውን አስቀምጠው።

"አዎ፤ ጋኔኑ እኛ ነበርን፣ እማማ።"

አንዴ እሱን፣ አንዴ ነገሳን አዩ። "ይሄ ትልቁም?"

"እሱ ከበሮ መቺው ነው።"

"ምን አሉ?" አለ ነገሳ።

ወይዘሮ ዘውድነሽ ሳቁ። ሳቃቸው ስላልቆመላቸው ድንጋይ ፈልገው ተቀመጡ፤ ዓይናቸውን በቀሚሳቸው ጫፍ ጠረጉ። ኡበይድ እንደምንም ጠብቆ ካሴቱ የት እንዳለ ጠየቃቸው። በአገጫቸው ወደ ጎመኑ አመለከቱት።

"ወፍ እየጠበቀ ነዋ። ስብከቱን በሲዲ አድርገው ሰጡኝ፤ ካሴቶቹን ለወፍ አዋልኳቸው። አራት ነበሩ። የትኛው የትኛው እንደሆነ እንግዲህ እሱ ይወቅ።"

"ያን ጊዜ ወዲያው ያጠፉት መስሎኝ ነበር።"

"በፊትማ ስብከቱ ሲያልቅ እየሮጥኩ እዘጋው ነበር" አሉ፤ ድምፃቸው ረጋ ብሎ። "ኋላ ግን እጄ ሊጥ ውስጥ ይሆናል፣ ልብስ ላይ ይሆናል፤ እሱም ይመጣል። ጩኸቱ አልገባኝም። ልጅቷን ግን ሰማኋት። 'ዛሬ ዳገቱ ይውጣ፣ እኔ ልቀመጥ' ትላለች። እንዲህ ያደከማት ምን ይሆን? እያልኩ እጸልይላት ጀመር። ሦስት ዓመት፣ ካሴቱ እዚያ በደረሰ ቁጥር።" ቀና ብለው አዩት። "አለች?"

"አለች እማማ። ኮተቤ አስተማሪ ናት። ቤተ ክርስቲያንም ትዘምራለች።"

"ትዘምራለች?"

"መዘምራኑን የምትመራው እሷ ናት።"

"ታዲያ ሰው እንዲህ ያለውን አይናገርም?" ብለው ተቆጡ። "ሦስት ዓመት ሙሉ ደጅ ስጠናላት!"

ኡበይድ አሥራ አራት ዓመት ሙሉ ከዘበኛው ሌላ የሰማን የለም ሲል ኖሯል። እዚህ ዳገት ላይ ግን አንዲት ሴት እጃቸው ሊጥ ውስጥ ሆኖ፣ ስንኙን በቃላቸው ይዘው፣ ዘፋኟን ሳያውቋት ሲያስቡላት ነበር። ይህን ለነገሳ ጆሮው ሥር ጠጋ ብሎ ነገረው። ነገሳ ሰማና "ከበሮውንስ?" ብሎ ሴትዮዋን ጠየቀ።

"እሱን ነው ጋኔን ያልኩት" አሉት።

ክሩን በሙሉ መስጠት ግን አልፈለጉም። "ወፎቹ እናንተ እስክትመለሱ ጾም ይይዙልኛል?" አሉ። ኡበይድ ትንሽ አሰበ። ምራቂ ያለው ሁልጊዜ ጫፍ ላይ ነው። የካሴት ክር በሰከንድ አምስት ሳንቲ ሜትር ያህል ይሄዳል፤ ዳገት አራት ደቂቃ አይሞላም፤ አሥራ ሁለት ሜትር ይበቃዋል። ከየክሩ ምንም የማይቀዳበትን ነጭ ጫፍ ፈልጎ፣ ከዚያ አሥራ ሁለት ሜትር ብቻ ቆርጦ ቢወስድ፣ የቀረው ለወፍ ይተርፋል። በዚህ ተስማሙ። ነገሳ በጎመኑ መካከል በእግሩ እየለካ ይቆጥራል፤ ኡበይድ ይቆርጣል፤ የቆረጠውንም በባሕር ዛፍ ቀንበጥ ላይ ያጠነጥናል። ከአራቱ ካሴቶች ስምንት ነጭ ጫፎች አምስቱ ተገኙ፤ ሦስቱ የት እንደወደቁ አልታወቀም። ወይዘሮ ዘውድነሽ ከላይ ሆነው "ቆስጣዬን እንዳትረግጠው፣ አንተ ትልቁ!" ይላሉ። ሲወጡ ኡበይድን ለብቻው ጠርተው "ልጅቷን ንገራት፤ ዘውድነሽ ደህና መሆንሽን ሰማች በላት" አሉት።

ከሰዓት በኋላ ሱቁን ከውስጥ ቀረቀረና ክሩን በጥጥና በአልኮል እየጠረገ ሠራ። አፈር አለበት፤ የወፍ ኩስ አለበት፤ በአንዳንድ ቦታ ፀሐይ ቀለሙን በልታዋለች። የመጀመሪያውን ቁራጭ በባዶ ካሴት ቀፎ ውስጥ አጠነጠነው፤ ስብከት ብቻ ነበር። ሁለተኛው ባዶ ነበር። ሦስተኛው ከግድግዳ ጀርባ እንደሚያወራ ሰው አጉረመረመ። ኡበይድ ቆይቶ የክሩን ፊት ወደ ውስጥ አድርጎ እንዳጠነጠነው ገባው። ፈታውና ገልብጦ እንደገና ጀመረ። ነገሳ ዱካዋ ላይ ሆኖ እጆቹን ጉልበቶቹ መሃል አድርጎ ይጠብቃል።

የሰባኪው "አሜን" መሃሉ ላይ ተቆረጠ። ጠቅ የምትል ድምፅ መጣች፤ አሥራ ስምንት ዓመቱ የነበረ ልጅ መቅጃውን ሲጫን። ከዚያ ጊታሩ።

ኡበይድ ኤርፎኑን ለነገሳ ሰጠው፤ ለራሱ ስፒከሩን ከፈተ። በየመሃሉ ድምፁ ይሰምጣል፣ ይመለሳል። ፊልሞና ገባች። ድምፅዋ ከሚያስታውሰው ይልቅ ቀጭን ነበር፤ ቁጣም ያለበት አይመስልም፤ ቦርሳዋን መሬት ላይ የጣለች ልጅ ድምፅ ነው።

*ዛሬ ዳገቱ ይውጣ፣ እኔ ልቀመጥ፤*
*እሱ ይድከም ዛሬ፣ እኔ ላምልጥ።*

ጋራዡ የነበረው የዘይት ሽታ፣ የእሑድ ጸጥታ፣ ፊልሞና ዓይኗን ጨፍና በርሜሉን ተደግፋ፣ ሁሉም እዚያው ነበር። ነገሳ የሚዞረውን ክር ትኩር ብሎ እያየ በርሜሉ በተመታ ቁጥር ራሱን ይነቀንቃል።

"ጎሽ" አለ ጮክ ብሎ። "ፊልሞና መቼ ነው የምትገባው?"

ፊልሞና መዝፈን ከጀመረች አንድ ደቂቃ አልፏታል።

ኡበይድ እጁን ወደ ቴፑ ሰደደ። ቀጭን ድምፅ ከጆሮ ቀድሞ እንደሚጠፋ ሐኪሙ ለነገሳ ነግሮት ይሆናል፤ ነገሳ ግን ለእሱ አልነገረውም። ቴፑን አቁሞ ወደ መጀመሪያው መለሰና ከነገሳ ፊት ለፊት ተቀመጠ። ፊልሞና ስትገባ ጣቱን አነሳ፤ ቃሎቿንም አንድ በአንድ፣ ያለ ድምፅ፣ በከንፈሩ አላቸው። ነገሳ ከክሩ ላይ ዓይኑን አንስቶ የኡበይድን አፍ ማየት ጀመረ። "እ-ኔ ልቀ-መጥ" አለ አብሮት። የገባው ያኔ ነው። ፊቱ አልተለወጠም፤ ኤርፎኑን ብቻ በሁለት እጁ አጥብቆ ወደ ጆሮው ገፋ።

መጨረሻው መጣ። በርሜሉ ፈጠነ፤ ከጊታሩ ቀደመ፤ ከዚያ ወደ ኋላ ቀረ፤ መንገዱ የጠፋበት ሰው በር ሁሉ እንደሚያንኳኳ ላሜራውንም በርሜሉንም ባገኘው ነገር ሁሉ ደበደበ። ፊልሞና መሃል ላይ አቆመች። ሳቀች። ጊታሩም ቆመ። በርሜሉ ብቻውን አንዴ ተመታ፤ ሳቋ ቀጠለ፤ ነጩ ጫፍ ደረሰና ቴፑ ቆመ።

"ጠፍቶብኝ ነበር ለካ" አለ ነገሳ ኤርፎኑን ሳያወልቅ።

"ትንሽ።"

"ትንሽ አይደለም። በርሜሉንማ እሰማለሁ እኮ፤ አትሸንግለኝ። ከዚያ ሁሉም ነገር ቆመ። እሷ ምን አለች?"

"ሳቀች።"

"በእኔ?"

"በአንተ።"

"ብዙ?"

"ክሩ እስኪያልቅ ድረስ።"

ነገሳ ጥርሱ ታየ። "መጨረሻው አንደኛ ነው ብዬህ አልነበር?" አለ። "ድገመው። ሳቁ ጋ ሲደርስ ንገረኝ።"

ሦስት ጊዜ ደገሙት። በየጊዜው ኡበይድ እጁን ያነሳል፤ ነገሳም እጁ እስኪወርድ ድረስ ይስቃል። ሦስተኛው ላይ ከጋራዡ "ነገሳ! የመኪናው በር ቀለሙ ደርቋል፣ ና ግጠመው!" የሚል ድምፅ መጣ። ነገሳ አልሰማም፤ ኡበይድ ትከሻውን ነካ አድርጎ በእጁ አመለከተው። ኤርፎኑን አውልቆ፣ ገመዱን በጥንቃቄ ጠቅልሎ ጠረጴዛው ላይ አኖረና ወጣ።

ኡበይድ ለፊልሞና ደወለ፤ የመዘምራን ልምምድ ላይ ሳትሆን አትቀርም፤ አላነሳችም። የወይዘሮ ዘውድነሽን መልእክት እንዳይረሳ በቁራጭ ወረቀት ላይ ጻፈው። ዘፈኑን ወደ ኮምፒውተሩ ገለበጠ፣ በሁለት ሚሞሪ ካርድም ላይ አኖረ። በካሴቱ ልጣፍ ላይ "ዳገት - ላሜራ - 1989" ብሎ ጻፈ፤ ከሥሩ የሦስቱን ስም። ከዚያ ካቻቢቴ አነሳና በካሴቱ ጀርባ ያሉትን ሁለት ትንንሽ የፕላስቲክ ጥርሶች አንድ በአንድ ሰበራቸው። እነሱ ከሌሉ የትኛውም ማሽን በላዩ ሊቀዳበት አይችልም። ስባሪዎቹን ከጠረጴዛው ጠረገ፤ ካሴቱን ሣጥኑ ውስጥ ከቶ ዘጋና ቀድመው ከተገኙት ሦስት ካሴቶች አጠገብ መደርደሪያው ላይ አቆመው።